አፉን ደፍቶ የተሰቀለው መርጫ

እኔ ቁጡ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ «ተናዳ ነው እንጂ ነገሩስ እንዲህ አልነበረም» የሚለኝ እንዳይኖር ነው። ቱግ እላለሁ፣ ወዲያው ደግሞ ይበርድልኛል። ባለቤቴ የአውቶቡስ መካኒክ ነው፤ «አንቺ እኮ እንደ አሮጌ ሞተር ነሽ፤ ስትነሺ ሰፈር ታስደነግጫለሽ፣ መታጠፊያው ጋ ሳትደርሺ ትጠፊያለሽ» ይለኛል። እውነቱን ነው። ይሄኛው ቁጣ ግን አልጠፋልኝም።

ሥራዬ አትክልተኝነት ነው። የማለማው የሰው ግቢ ነው። ከታናሽ እህቴ ጋር ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ሠርተናል። ጀማሪዋ እኔ ነበርኩ፤ እሷ ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ስታጣ «ቁጭ ከምትዪ ነይ መቀስ ላስይዝሽ» ብዬ ያመጣኋት እኔው ነኝ። የትኛው ቅርንጫፍ እንደሚቆረጥ፣ የትኛው እንደሚተው፣ ውሃ ሥሩ ላይ እንጂ ቅጠሉ ላይ እንደማይፈስ አንድ በአንድ አሳየኋት። ቶሎ ገባት። አንደበቷም ጣፋጭ ስለሆነ የቤት እመቤቶቹ ይወዷታል። እኔ አንድ የተበላሸ ነገር ሳይ «ይሄን ደግሞ ማነው እንዲህ ያደረገው?» እላለሁ፤ እሷ «ትንሽ ብናስተካክለው እንዴት ያምራል መሰለዎት» ትላለች። ያልነው ያው አንድ ነገር ነው፤ ሻይ የሚቀርበው ግን ለእሷ ነው።

በጋ ሲገባ ሥራው እጅና እግር የለውም። ሳሩ ይደርቃል፣ አጥሩ ይንጨባረራል፣ አረሙ ግን ማንም ሳያጠጣው ይፋፋል። ስለዚህ ቀኑን ለሁለት እንከፍለው ነበር። ፀሐይ ሳትበረታ ጠዋቱ የእኔ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ያለው የእሷ። መሐል ላይ ሁለታችንም ወደ ቤት እንሮጣለን። ምሳ አንድ ቀን እኔ ቤት፣ አንድ ቀን እሷ ቤት ይሠራል፤ የእኔ ሁለት ልጆችና የእሷ ሦስቱ ድስቱ ወዳለበት መጉረፍ ነው። አንዳንዴ የማን ልጅ የት እንዳደረ የምናውቀው ጫማ ቆጥረን ነው።

እንዲህ ስንፈራረቅ ሳምንቱን ሙሉ አንድ ግቢ ውስጥ ሳንገናኝ የምንቀርበት ጊዜ ነበር። ስልክ ለማንሳት ደግሞ ማን እጁ ንጹሕ ነው? ስለዚህ የምንነጋገረው በዕቃ ነበር። የውሃው ጎማ ቧንቧው ሥር ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ግቢው ጠጥቷል ማለት ነው። መቀሱ አፉን ከፍቶ ከተቀመጠ ይሳል ማለት ነው። በየግቢው እየዞርን የምንይዛቸው ሁለት የጀርባ መርጫዎች ነበሩን። አንደኛው ለአረም መድኃኒት ብቻ ነው፤ እጀታው ላይ ቀይ ጨርቅ አስሬበታለሁ። ሌላኛው ለአበባው ነው፣ የሳሙና ውሃና ማዳበሪያ እንረጭበታለን። የተጠቀመችበት ሦስት ጊዜ አለቅልቃ፣ ክዳኑን አውልቃ፣ አፉን ደፍታ ሚስማር ላይ ትሰቅለዋለች። አፉን ደፍቶ የተሰቀለ መርጫ ታጥቧል። ተከታይዋ አትመረምርም፣ አታሸትም፤ አውርዳ ውሃዋን ትሞላለች። ቃላችን ይሄ ነበር፤ በአሥራ ሦስት ዓመት አንድ ቀን አልተዛነፈም።

ከግቢዎቹ ሁሉ የምወደው የቲቸርን ነበር። ቲቸር ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው፤ ሰፈሩ በሙሉ ቲቸር ነው የሚላቸው፣ ሥጋ ሻጩ ሳይቀር። ባለቤታቸው ከመሞታቸው በፊት በግንቡ ሥር ሠላሳ ሁለት ጽጌረዳ ተክለውላቸው ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ስም ያወጣላቸዋል፤ ቲቸር በቁጥር ነው የሚጠሯቸው። «አሥራ ሰባት ዛሬ ከፍቷታል» ይሉኛል። ሄጄ ሳይ እውነትም አሥራ ሰባተኛዋ አንገቷን ደፍታለች። እኔ እጄ ያጸድቅ ነበር፤ ጉራ አይደለም፣ ሁሉም ያውቅልኝ ነበር። አሥራ ሰባትን ሁለት ጊዜ ከሞት መልሻታለሁ።

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት በበጋው እናታችን ታማ ሆስፒታል ገባች። የታናሼ የመጨረሻ ልጅ ጡት ስላልጣለች ማስታመሙ በእኔ ላይ ወደቀ፤ እዚያው ወንበር ላይ እያደርኩ፣ ጠዋት በቀጥታ ወደ ሥራ። ሰኞ ዕለት የቀይ ጨርቁ መርጫ አፍንጫው ተደፈነና ወስጄ ለጠጋኙ ሰጠሁት። ረቡዕ ጠዋት ተቀብዬው ወደ ቲቸር ግቢ ሄድኩ። ጽጌረዳዎቹ ተባይ ወጥቶባቸው ነበር፣ የሳሙና ውሃ መርጨት ነበረብኝ። ዕቃ ቤቱ ውስጥ የአበባው መርጫ አፉን ደፍቶ ተሰቅሏል። አወረድኩት፣ ሞላሁት፣ ሠላሳ ሁለቱንም ረጭቼ ወደ እናቴ ተመለስኩ።

በሳምንቱ ቅጠሎቹ መጠማዘዝ ጀመሩ። ቀጥ ያለው ቅርንጫፍ ተጣመመ፣ እንቡጡ ሳይከፈት ጠቆረ። አትክልተኛ የሆነ ሰው ያንን ጥምዝምዝ ካየ መጠየቅ አያስፈልገውም፤ የአረም መድኃኒት ነው። በወሩ ከሠላሳ ሁለቱ አንዲት አልተረፈችም።

ወይ ነዶ፣ ያኔ ያሰብኩትን ማሰብ። ያን ጠዋት ሁለቱም መርጫዎች እጄ ላይ ነበሩ፤ አንዱን ተሸክሜ መጣሁ፣ ሌላውን ከሚስማር አወረድኩ። ሦስት ቀን ያልተኛ ሰው ነኝ። በየትኛው ነው የረጨሁት? ጨርቁን አይቻለሁ ወይስ አላየሁም? ባሰብኩት ቁጥር እየጠፋብኝ ሄደ። ታናሼን ጠየቅኳት። ልጇን ታቅፋ ቆማ «እትዬ፣ እኔ ያን ዕለት ማታ ስመጣ እኮ ጨርቅ ያለበቱ እርጥብ ነበር» አለችኝ። በቃ። ከዚያ በኋላ ሌላ ማስረጃ አልፈለግኩም። በቀዩ ነው የረጨሁት፣ ገዳያቸው እኔ ነኝ አልኩ።

ታናሼ «አብረን እንሂድ» ሳትለኝ፣ እኔም ሳልጠብቃት፣ በማግስቱ ብቻዬን ቲቸር ፊት ቆሜ «እኔ ነኝ፣ መርጫ ተሳስቼ ነው» አልኳቸው። አልጮሁብኝም። ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና «ሁሉንም?» አሉኝ።

«ሁሉንም» አልኳቸው።

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው ሲያለቅሱ አየሁ። «ከእንግዲህ እህትሽ ትምጣ» አሉ።

ወሬ እግር የለውም ያለ ሰው የእኛን ሰፈር አያውቅም። አንዷ የቤት እመቤት «አድርቄ» የሚል ስም አወጣችልኝ፣ እሱም ተለጠፈብኝ። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው አበባው አጠገብ አያስደርሰኝም። አጥር መቁረጥ፣ ሳር ማጨድ፣ ቅጠል መጥረግ፣ አፈር መሸከም ሆነ ሥራዬ። ስልኩ ወደ ታናሼ መደወል ጀመረ። «ነገ እዚያ እንሄዳለን፣ ከነገ ወዲያ እዚህ» የምትለኝ እሷ ሆነች። ያስተማርኳት ልጅ አዛዤ ሆነች፤ እኔም እሺ አልኩ፣ ጥፋተኛ ነኛ። አንዳንዴ ትከሻዬን ይዛ «እኔ አለሁልሽ እትዬ» ትለኛለች። አንጀቴን ነበር የምትበላው። እንዲህ ያለች እህት ስለሰጠኝ ፈጣሪዬን አመሰግን ነበር።

የገዛ ግቢዬ ውስጥ እንኳ ዘጠኝ ዓመት አንድ ነገር አልተከልኩም። እጄ ፈራ። አንድ ጊዜ ባለቤቴ አዝኖልኝ የሎሚ ችግኝ ገዝቶ መጣና ራሱ ተከለው፤ ከነቆርቆሮው ቀበረው እኮ። ሲደርቅ «አየሽ፣ አድርቄ አንቺ ብቻ አይደለሽም» አለኝ። ስቄ ሳልጨርስ አለቀስኩ።

እናቴ ከሆስፒታል ስትወጣ እኔ ቤት ገባች፤ የታናሼ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ደረጃው ለእሷ አይሆንም። ዘጠኝ ዓመት አጥቤያታለሁ፣ አጉርሻታለሁ፣ ጥፍሯን ቆርጬላታለሁ። ስለ ጽጌረዳዎቹ ሳነሳ ራሴን እየዳሰሰች «ተይው ልጄ፣ እግዜር ይቅር ይልሻል» ትለኝ ነበር። ይህን ቃሏን ያዙልኝ።

ዘንድሮ በበጋው መጀመሪያ ታናሼ ደረጃ ላይ ወድቃ የእጅ አንጓዋ ተሰበረ። ግቢዎቹ ሁሉ በእኔ ላይ ወደቁ፤ የቲቸርም ጭምር። ዘጠኝ ዓመት ያልረገጥኩትን በር አንኳኳሁ። ቲቸር አርጅተዋል፤ ከዘራ ይዘዋል። «አጥሩን ብቻ» አሉኝ። «እሺ» አልኩ።

በግንቡ ሥር ያለው መሬት ባዶውን ነው። በሁለተኛው ቀን ልጆቻቸው አሥራ ሁለት የጽጌረዳ ችግኝ እንደገዙላቸውና ቅዳሜ እንደሚመጣ ነገሩኝ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ልደብቅ አልችልም። እኔ ልትከላቸው ፈለግኩ። ሌላ ምንም አልፈለግኩም። በዚያ አፈር ላይ፣ እሳቸው እያዩኝ፣ በዚህ እጄ ተክዬ ሲጸድቁ እንዲያዩልኝ። ያ ከሆነ አድርቄ መባሌ ያበቃል፤ ለሰፈሩ ባያበቃ እንኳ ለእኔ ያበቃል። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ፤ በማግስቱ ሻይ ይዘውልኝ ሲወጡ መቀሴን አስቀምጬ ጠየቅኳቸው።

«ቲቸር፣ ችግኞቹን እኔ ልትከላቸው?»

ከዘራቸውን ግንቡ ላይ አስደገፉ። «አንቺን ጠልቼሽ አይደለም» አሉኝ። «ያን ሳምንት ግን ከራሴ ላወጣው አልቻልኩም። እያንዳንዷ ቀን ትታየኛለች። ማክሰኞ ዕለት እህትሽ መጥታ ‹ድመቷን ያስገቧት፣ መድኃኒት ልረጭ ነው› አለችኝ። የድንጋዩን መንገድ አረም ረጨችልኝ፤ ድመቷም እስኪመሽ በመስኮት ስትጮህብኝ ቆየች። እግዜር ይስጣት፣ ዓመቱን ሙሉ አረም አልበቀለም። በማግስቱ ደግሞ አንቺ መጣሽ።»

ክው አልኩ። የሻይ ብርጭቆውን ግንቡ ላይ አስቀመጥኩት።

ማክሰኞ የቀይ ጨርቁ መርጫ ጠጋኙ ጋ ነበር። ሰኞ የሰጠሁት፣ ረቡዕ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ታዲያ ማክሰኞ እህቴ የአረም መድኃኒቱን የረጨችው በምንድነው? ሌላ መርጫ የለንም። በአበባው መርጫ ነው። ያንኑ ሳታጥበው አፉን ደፍታ ሰቀለችው። እኔ አውርጄ ሞላሁት። ጨርቅ ያለበቱ እርጥብ ነበር? አዎ፣ እርጥብ ይሆናላ፤ ጠጋኙ በውሃ ሞክሮ ነው የሰጠኝ። ያን ሳምንት ደግሞ «የቲቸርን መንገድ አረም በእጄ ነቀልኩት፣ ወገቤ ተቆረጠ» ብላኝ በቅባት ያሸኋት እኔ ነኝ።

«ማክሰኞ መሆኑን እርግጠኛ ነዎት?» አልኳቸው።

«የሒሳብ አስተማሪ እኮ ነኝ» አሉኝ።

ለእሳቸው ምንም አልተነፈስኩም። መቀሴን አጥሩ ላይ ጥዬ ወደ ታናሼ ቤት ሄድኩ። ሦስቱን ፎቅ እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። እጇ በፋሻ ተንጠልጥሎ፣ በሌላው እጇ የልጆቿን ልብስ እያጣጠፈች አገኘኋት። ሰላምም አላልኳት።

«ያን ማክሰኞ የቲቸርን መንገድ በየትኛው ነው የረጨሽው?»

ሌላ ሰው ቢሆን «የቱን ማክሰኞ?» ይላል። ዘጠኝ ዓመት አልፎታል እኮ። እሷ አላለችም። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች፤ ከዚያ ወዲያ ማስረጃ አልፈለግኩም።

«ሕፃኗ ቤት ታለቅስ ነበር» አለችኝ። «ጎረቤት እየደወለች ነይ ነይ ትለኛለች። ነገ በጠዋት ከአንቺ ቀድሜ ደርሼ አጥበዋለሁ ብዬ ሰቀልኩት።»

«ካላጠብሽው ለምን አፉን ደፋሽው?»

«እጄ ለምዶ ነው እትዬ። እጄ ነው የደፋው። ጠዋት ልጅቷ አተኮሳት፣ ሳልደርስ ቀረሁ።»

ይህን ብቻ ብትለኝ ይቅር እላት ነበር። እምላለሁ፣ እዚያው አቅፌያት እመለስ ነበር። ሕፃን ያላት ሴት ትሳሳታለች፤ እኔም እሳሳታለሁ።

«ልነግርሽ ነበር» አለች ቀጥላ። «አንቺ ግን ቀድመሽኝ ሄደሽ ለቲቸር ነገርሻቸው።»

«‹እርጥብ ነበር› ያልሽኝ እኮ ከዚያ በፊት ነው» አልኳት።

ፋሻዋን ስትነካካ ቆየችና፣ ልብሱ ላይ እንዳቀረቀረች «እማዬ ናት ተይው ያለችኝ» አለች። «ያኔ ሆስፒታል ሄጄ ነገርኳት። ‹አንዴ በእህትሽ ተላክኳል፣ አሁን ብታወጪው ሁለታችሁም ሥራ ታጣላችሁ› አለችኝ።»

እህቴ ይሁን፣ ታናሽ ናት። እናቴ? ዘጠኝ ዓመት ራሴን እየዳሰሰች «እግዜር ይቅር ይልሻል» ስትለኝ፣ ይቅር የሚባል ነገር እንደሌለብኝ እያወቀች?

ታናሼ እግሬ ላይ ወደቀች። «አፈር ስሆንልሽ እትዬ፣ ለማንም እንዳትናገሪ፣ እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ። ቅዳሜ ችግኙ ሲመጣ፣ ከመተከሉ በፊት፣ ቲቸር ፊት በገዛ አፌ እነግራቸዋለሁ። ከዚያ አንቺ ትተክያለሽ።» አነሳኋት። ሆዴ ባባ። አልኩ እኮ፣ ወዲያው ይበርድልኛል፤ የእኔ በሽታ ይሄ ነው። እስከ ቅዳሜ እናቴንም ምንም አልተናገርኳትም። ገላዋን አጠብኳት፣ አበላኋት፤ «ምነው ዝም አልሽ?» ስትለኝ «ደክሞኝ ነው» አልኳት።

ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለቱ ችግኞች በግንቡ ሥር ተደርድረው ጠበቁን። ቲቸር ወንበር አስወጥተው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ታናሼ የክት ልብሷን ለብሳ መጣች፤ ለዚያ ቃል ያዘጋጀችው መስሎኝ ደስ አለኝ። አጎንብሳ ጉንጫቸውን ሳመቻቸው። አሁን ትናገራለች ስል፣ ስለ እጇ አወራች፣ ስለ ልጆቿ አወራች፣ ስለ ሙቀቱ አወራች።

«እንግዲህ ጀምሩ» አሉ ቲቸር። «ጉድጓዱን ታላቅሽ ትቆፍር። ሥሩን ግን አንቺ በጤነኛው እጅሽ አስቀምጪው።»

አካፋውን ያዝኩ። አንደኛውን ቆፈርኩ፤ ተንበርክካ ችግኙን አስቀመጠች። አሁን ትላለች አልኩ። ሁለተኛውን ቆፈርኩ፤ አስቀመጠች። ሦስተኛውን ቆፈርኩ። አፈሩን በመዳፏ ስትጠቀጥቅ ያስተማርኳትን አጠቃቀጥ አየሁት። ቀና ብላ አላየችኝም። አራተኛውን ቆፍሬ አካፋዬን ተከልኩና «ንገሪያቸው» አልኳት።

«ምኑን?» አለችኝ።

ምኑን አለችኝ፣ ዓይኗን በጨው ታጥባ። ያን ጊዜ እኔው ተናገርኩ። ማክሰኞን፣ ጠጋኙን፣ አፉን ደፍቶ የተሰቀለውን መርጫ፣ ሐሙስ ዕለት በገዛ አፏ ያመነችልኝን፣ አንድም ሳላስቀር። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፤ አልክድም። ቲቸር ወደ ታናሼ ዞሩ።

«እውነት ነው?»

ታናሼ እንባዋ መጣ። እሷ ሲያስፈልጋት ይመጣል። «ቲቸር፣ ይለፏት» አለች በዚያ ጣፋጭ አንደበቷ። «እህቴ ከዚያ ጉዳት ወዲህ እንዲህ ናት። አንዳንዴ ይብስባታል። ችግኙ ሲመጣ ነው መሰለኝ የተቀሰቀሰባት። እኔ ያን ቀን አረም በእጄ ነው የነቀልኩት።»

ሽምጥጥ አድርጋ ካደች። ድመቷን ያስገቡት እኮ እሳቸው ናቸው፤ ግን የዘጠኝ ዓመት ነገር ነው፣ እሳቸውም ግራ ገባቸው። «መድኃኒት ብላኝ ነበር... ወይስ ሌላ ቀን ነው?» እያሉ ግንባራቸውን ያሹ ጀመር። «እናታችን ታውቃለች» አልኩ። ስልኬን አውጥቼ ደወልኩ፣ ድምፁን ለሁሉም ከፈትኩት። «እማዬ፣ ቲቸር ይሰሙሻል። ሆስፒታል ሳለሽ ታናሼ ስለ ጽጌረዳዎቹ የነገረችሽን ንገሪያቸው» አልኳት።

ከእናቴ ጀርባ የእኔ ቤት ሬዲዮ ይሰማል። «እኔ በሽተኛ ምን አውቃለሁ ልጄ» አለች። «ማንም ምንም አልነገረኝም። ልጆቼን አታጣሉብኝ።»

ስልኩን ዘጋሁት። ቲቸር ከዘራቸውን ይዘው ተነሡና እጄን ያዙኝ፤ ደግነታቸው ነው የገደለኝ። «ሂጂ፣ ቤትሽ ገብተሽ እረፊ» አሉኝ። «አንዴ ስተሻል፣ እኔ ይቅር ብዬሽ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ በታናሽ እህት ማላከክ ግን ደግ አይደለም።» የተቀሩትን ስምንት ጉድጓዶች ማን እንደቆፈራቸው አላውቅም።

ቤት ስገባ እናቴ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። እስክቀመጥ አልጠበቀችኝም። «ምን ላድርግ?» አለችኝ። «ያ ግቢ ከሄደባት ሌላውም ይከተላል። ሦስት ልጆች አሏት። ባሏ እንዳንቺ ባል አይደለም። እሷ እንዲህ ያለውን አትችለውም። አንቺ ትችይዋለሽ።»

«መቻሌን ማን ጠየቀኝ?» አልኳት።

«አንቺማ ከልጅነትሽም...» ብላ ጀመረች፤ ሳትጨርሰው ተወችው።

አልጮህኩም። ባለቤቴ ከሥራ ገብቶ ሲያየኝ ደነገጠ፤ ነገርኩትና ከጎኔ ተቀምጦ «ተቆጪ እንጂ ሴትዮ፣ ምነው አትቆጪም?» አለኝ። አልመጣልኝም። ያን ዕለት ለቁጣ የሚሆን ጉልበት አልቀረኝም። ዘጠኝ ዓመት አንድ ጥፋት ተሸክሜ ነበር፤ ከባድ ነበር፣ ግን የእኔ ነው ብዬ ነበር የምሸከመው። አሁን ወርዶልኝ ሳለ ከበፊቱ ይልቅ ከበደኝ። እህቴ ስታጎርሰኝ፣ እናቴ ስትመርቀኝ የነበረው ሁሉ ዞሮ መጣብኝ፤ የቱ እውነት እንደነበረ መለየት አቃተኝ።

እሑድ ጠዋት የእናቴን ልብስ በሁለት ሻንጣ ከተትኩ። ጸጉሯን አበጠርኩላት፣ ነጠላ ጫማዋን አጠለቅኩላት። ወዴት እንደምንሄድ አልጠየቀችኝም፤ ገብቷታል። ታክሲ ተሳፍረን ታናሼ ቤት ደረስን። ሦስቱን ፎቅ ክንዷን ይዤ አንድ ደረጃ አንድ ደረጃ አወጣኋት፣ በየመታጠፊያው እያሳረፍኳት። ታናሼ በሩን ስትከፍት እናቴን አየች፣ ሻንጣዎቹን አየች፣ የተንጠለጠለ እጇን አየች።

«እትዬ፣ እስከ መቼ ነው?» አለችኝ።

«ዘጠኝ ዓመት» አልኳት።

ሻንጣዎቹን ከበሩ ውስጥ አስቀምጬ ወረድኩ። እናቴ አላየችኝም፤ እኔም ዞሬ አላየኋትም። መንገድ ላይ ስደርስ፣ ያለ ሁለተኛ ትራስ ትንፋሽ እንደሚያጥራት ለታናሼ አለመንገሬ ትዝ አለኝ። ስልኬን አወጣሁ። ከዚያ መልሼ ከተትኩት። ትጠይቃት።